ስኪዞፍሬንያ፣ ዘር እና መድኃኒት፦ በጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያለ ማስረጃ መጠርጠርና ከሰው መገለል የሚያመጣ የአእምሮ ሕመም) ታማሚ ይዘው ወደ አእምሮ ሕክምና የሚመጡ ቤተሰቦች ስለ ዘርና ስለ መድኃኒት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ስኪዞፍሬንያ የዘር በሽታ ነው?

በከፊል አዎ፤ ግን ብዙ ሰው "የዘር በሽታ" ሲባል በሚያስበው መንገድ አይደለም። አንድ የተበላሸ ዘረ መል ከአባት ወደ ልጅ ወርዶ የሚያመጣው በሽታ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎች እያንዳንዳቸው በጣም ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ፤ ሲጠራቀሙ ሰውየውን ለበሽታው ተጋላጭ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 287 ቦታዎችን በሰው ዘረ መል ላይ ለይቷል። በእነዚህ ቦታዎች ካሉት ለውጦች አብዛኞቹን ጤነኛ ሰውም ይሸከማቸዋል።

በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ከ60 እስከ 80 በመቶው ከዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። ይህ ቁጥር በሕዝብ ደረጃ የሚነገር ነው። "ልጄ 80 በመቶ ይታመማል" ማለት አይደለም፤ እንዲህ ተረድተው ለዓመታት በፍርሃት የሚኖሩ ወላጆች አሉ። በእርግዝና ጊዜ ያጋጠመ ረሀብና ኢንፌክሽን፣ አስቸጋሪ ምጥ፣ በልጅነት የደረሰ በደል እና በወጣትነት የተጀመረ ካናቢስ የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ወንድሜ ታሟል። እኔም የመታመሜ ዕድል ስንት ነው?

በቤተሰቡ ታማሚ የሌለው ሰው በዕድሜው የመታመም ዕድሉ ከ100 አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰው ጥናት ያገኘው 0.47 በመቶ ነበር። ወንድም ወይም እህት ከታመመ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይደርሳል፤ አባት ወይም እናት ከታመሙ 10 በመቶ ገደማ፤ አጎት ወይም አክስት ከሆኑ 3 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም ወላጆች ከታመሙ ግን ከሩብ እስከ ግማሽ ይሆናል። ወንድም የታመመባቸውን 100 ሰዎች ብንወስድ 91 ያህሉ አይታመሙም ማለት ነው።

ዕድሜም ይቆጠራል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ላይ በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ሴቶች ላይ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ይጀምራል። ስለዚህ 38 ዓመት የሞላው ጤነኛ ወንድም አብዛኛውን የአደጋ ጊዜ አልፎታል፤ የ17 ዓመቷ እህት ግን ገና ናት።

ጤነኛ ወንድሞችና እህቶች "ለመከላከያ" ብለው መድኃኒት አይጀምሩም። ከካናቢስ መራቅ እና ጫትን አለመልመድ ይጠቅማቸዋል። ለሳምንታት የቀጠለ እንቅልፍ ማጣት፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ የትምህርት ውጤት ድንገት መውረድ፣ "ሰው ይከታተለኛል" የሚል ጥርጣሬ ከታየባቸው ደግሞ ሳይዘገዩ መታየት አለባቸው። ሕክምና በዘገየ ቁጥር ለመድኃኒት የሚሰጠው መልስ ይዳከማል።

በዘራችን ማንም አልታመመም። ልጃችን ከየት አመጣው?

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ የታመመ አባትም እናትም የላቸውም። አባት ጥቂቱን፣ እናት ጥቂቱን ተሸክመው ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልጁ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ይበዛል። አዲስ የዘረ መል ለውጥ በራሱ በልጁ ላይ የሚፈጠርበት ጊዜም አለ፤ አባት በዕድሜ በገፋ ቁጥር ይህ በመጠኑ ይጨምራል።

ዘረ መላቸው አንድ የሆነ መንትዮችን ማየት ጥሩ ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከሦስት አንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የእነዚህ መንትዮች ልጆች ሲጠኑ፣ የጤነኛው መንትያ ልጆችም እንደ ታማሚው ልጆች ያህል ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። ተጋላጭነቱ ሳይገለጥ ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ "በእናንተ ወገን ነው፣ በእኛ ወገን አይደለም" እየተባባሉ ባልና ሚስት የሚጣሉበት ክርክር መሠረት የለውም። የማንም ጥፋት አይደለም።

የእጮኛዬ እህት ታማሚ ናት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤተሰቤ "ዘሩ ይጣራ" አለ። ላግባው?

እጮኛዎ ራሱ ጤነኛ ከሆነ፣ እህቱ ለልጆቻችሁ አክስት ናት፤ የልጆቻችሁ ዕድል 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ጋብቻ ለማፍረስ የሚያበቃ ቁጥር አይደለም። በእርስዎም ወገን ታማሚ ካለ፣ ወይም ሁለታችሁ የቅርብ ዘመድ ከሆናችሁ፣ ስሌቱ ስለሚለወጥ አብራችሁ ሐኪም ጋ ቀርባችሁ ተነጋገሩ።

ታማሚዋ ራሷ ማግባትና መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ዋናው ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። እርግዝና እንደታወቀ መድኃኒትን በራስ ማቋረጥ በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ያም ለራሷም ለፅንሱም አደጋ ነው። ከመፀነስ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ለእርግዝና የሚስማማውን መምረጥ ይሻላል። በተለይ ቫልፕሮኤት የተባለውን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ይህን ሳታደርግ መፀነስ የለባትም፤ ፅንሱን በግልጽ ይጎዳል።

በሽታው በደም ወይም በዘረ መል ምርመራ ይታወቃል?

አይታወቅም። ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው ከታማሚውና ከቤተሰቡ በሚሰማው ታሪክ፣ በሚያየው ምልክትና በቆይታ ጊዜው ነው። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞችን ለማጣራት ነው፤ ታይሮይድ፣ ቂጥኝ፣ ኤች.አይ.ቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የመሳሰሉትን። የዘረ መል ነጥብ ሰጥቶ "ልጅዎ ይታመማል ወይም አይታመምም" የሚል ምርመራ ሊሸጥልዎ የሚፈልግ ካለ ገንዘብዎን አይስጡ።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሎባቸው ከሚወለዱ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ የዚህ ዓይነት ሕመም ይይዘዋል። በልጅነቱ የልብ ችግር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ የነበረበት፣ በአፍንጫው የሚናገር፣ ትምህርት የከበደው፣ ኢንፌክሽን የሚመላለስበት፣ በካልሲየም ማነስ የተንቀጠቀጠ ታማሚ ካለ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። የልጅነቱ የልብ ሕመም ከአሁኑ ጋር የሚገናኝ ስለማይመስላቸው ብዙዎች ሳያነሱት ይቀራሉ። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፦ እንዲህ ያለው ታማሚ ካልሲየሙ ካልተስተካከለ አንዳንድ መድኃኒቶች በቀላሉ የሚጥል ሕመም ያስነሱበታል።

ሁለቱም ስኪዞፍሬንያ ተባሉ፤ አንዱ ድምፅ ይሰማል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህም በዘር ነው?

ምልክቶቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያለ ማስረጃ መጠርጠር፣ የተበታተነ ንግግር ነው። ሁለተኛው ፍላጎት ማጣት፣ ከሰው መገለል፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት ነው። ሦስተኛው ትኩረትና ማስታወስ መዳከም ነው። የዘር ጫና ከፍ ባለ ቁጥር ሁለተኛውና ሦስተኛው በመጠኑ የመጠንከር አዝማሚያ ይታያል፤ ግንኙነቱ ግን ደካማ ስለሆነ ለአንድ ታማሚ ትንቢት መናገሪያ አይሆንም።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። ያሉን መድኃኒቶች በደንብ የሚሠሩት በመጀመሪያው ወገን ላይ ነው። ድምፁ ጠፍቶለት ግን ጠዋት ከአልጋ የማይነሳውን ልጅ "አሁን ድነሃል፣ ሰነፍክ እንጂ" ማለት በደል ነው። ያም የበሽታው ክፍል ነው፤ ኪኒን በመጨመር አይሄድም። በትንንሽ ሥራ፣ በመደበኛ ሰዓትና በትዕግሥት ቀስ እያለ ይሻሻላል። በቤት ውስጥ ጩኸትና ወቀሳ ሲበዛ ግን በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽ በብዙ አገሮች ተጠንቶ ተረጋግጧል።

ለጎረቤቴ ልጅ የሠራው መድኃኒት ለእኔ ልጅ ለምን አልሠራም?

ከምክንያቶቹ አንዱ ጉበት ነው። ሐሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ፍሉፌናዚን እና ክሎርፕሮማዚን የተባሉትን የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶች ሁሉ ይብዛም ይነስም ሲዋይፒ-ቱዲሲክስ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ያፈርሳቸዋል። ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። በአንዳንድ ሰው ላይ ተባዝቶ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ስለሚገኝ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይሠራ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ብዜት እንዳላቸው አሳይቷል፤ ከሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ነው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሪስፔሪዶንን ትተው ወደ ሌላ መድኃኒት የመቀየር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ኢንዛይሙ የሚያንቀላፋባቸውም አሉ፤ እነሱ በአነስተኛ መጠን እንኳ የጎንዮሽ ጉዳት ያይልባቸዋል።

በአብዛኛው ቦታ ይህን ዘረ መል መመርመር ስለማይቻል የሚያሳውቀው ክትትል ነው። ሐሎፔሪዶል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ከተጠመዘዘ፣ ዓይን ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ምላስ ከተሳሰረ መድኃኒቱ በዝቶበታል፤ ልክፍት አይደለም። ወዲያውኑ ጤና ተቋም ሲደርስ በመርፌ ወይም ትራይሄክሲፈኒዲል በሚባል ኪኒን በአጭር ጊዜ ይለቀዋል። በተቃራኒው በቂ መጠን በሥርዓት እየወሰደ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ለውጥም የጎንዮሽ ጉዳትም ካልታየ ቶሎ የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል።

በየ4 ሳምንቱ ፍሉፌናዚን መርፌ የሚወጋ ታማሚ ደግሞ ሦስት ሳምንት ደህና ሆኖ በአራተኛው መረበሽና እንቅልፍ ማጣት ከጀመረ ቀኑን ጽፈው ያምጡ። ሐኪሙ ልዩነቱን ወደ 3 ወይም 2 ሳምንት ሊያጠብበው ይችላል። "ጨምሩለት" ከማለት ይልቅ "በ23ኛው ቀን ጀመረው" የሚለው ቃል የበለጠ ይረዳል። ከቤተሰቡ ሌላ ታማሚ ካለ እሱ በየትኛው መድኃኒትና በስንት ሚሊግራም እንደተሻለውም ይንገሩ። ማረጋገጫ ባይሆንም በነፃ የሚገኝ ፍንጭ ነው።

ጫት ይቅማል። መድኃኒቱን እየወሰደ እስከሆነ ምን ችግር አለው?

ጅማ ላይ በብዛት የሚጠየቅ ነውና በደንብ ይነበብ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲፈስ ያደርጋል፤ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶች ደግሞ የዶፓሚንን በር ይዘጋሉ። ታማሚው ከሰዓት በኋላ በጫት የከፈተውን ማታ በኪኒን ይዘጋል ማለት ነው። በዘር ተጋላጭ የሆነ ሰው ላይ ብዙ መቃም ድምፁንና ጥርጣሬውን ይቀሰቅሳል፤ ከምርቃና ጋር የሚመጣው እንቅልፍ ማጣትም ብቻውን ያገረሸዋል።

ሁለተኛው ችግር አይታይም። ጫት ከላይ የተጠቀሰውን ሲዋይፒ-ቱዲሲክስ ኢንዛይም እንደሚያዳክም በሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ በሚቅምበት ሳምንት መድኃኒቱ በደሙ ሊከማች፣ ባቆመበት ሳምንት ሊቀንስ ይችላል። ሐኪሙ ጫቱን ካላወቀ የመድኃኒት መጠኑን ለማስተካከል የሚይዘው ነገር የለውም።

ጫት ላቆመ ሰው ሌሊት የሚመጣ ዱካክ (ከባድ ቅዠት) በጥቂት ቀን ይለቃል፤ ቀንም እያየ የሚቀጥል፣ ሳምንት ያለፈ ነገር ግን ዱካክ አይደለም። ምርቃናው እንዳይጠፋበት ኪኒኑን የሚዘል ታማሚ ካለ ከመቆጣት ይልቅ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የየወሩ መርፌ ይህን ችግር ያቃልላል። ማቆም ካልቻለ ቀኖቹንና መጠኑን መቀነስ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ አለመቃም፣ ካናቢስ ከቶ አለመደረብ ተጨባጭ ጅምር ነው። ስንት እንደሚቅም ሲጠየቅ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ለቅጣት አይደለም።

ቡናና ሲጋራስ?

ለአብዛኛው መድኃኒት ቡና ችግር አይደለም። ክሎዛፒን (ሌሎች መድኃኒቶች ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ግን ነው። ካፌይንና ክሎዛፒን በአንድ የጉበት ኢንዛይም ነው የሚፈርሱት፤ ሲሻሙ ክሎዛፒን በደም ውስጥ ይጨምራል። አንድ ጥናት ላይ ክሎዛፒን የሚወስዱ ቡና ጠጪዎች ለ5 ቀን ካፌይን ሲያቋርጡ በደማቸው ያለው ክሎዛፒን በግማሽ ገደማ ወርዷል። በቀን ሁለት ጊዜ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው ልማዱን በድንገት አይለውጥ። በረመዳን የቡናው ሰዓትም መጠኑም ስለሚለወጥ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይገባል።

ሲጋራ በተቃራኒው ይሠራል። ጭሱ (ኒኮቲኑ አይደለም) ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያፋጥነው ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን በአጫሾች ቶሎ ይፈርሳሉ። አጫሽ ሆስፒታል ተኝቶ ማጨስ ሲያቆም በሳምንት ውስጥ መድኃኒቱ በደሙ በግማሽ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ መጠኑን ካልቀነሱት ይደነዝዛል፣ ይንቀጠቀጣል። ወጥቶ ማጨስ ሲጀምር ደግሞ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

በሽታው በዘር ካለ ጠበሉም፣ ዱአውም፣ መድኃኒቱም ምን ይፈይዳሉ?

በዘር መጣ ማለት አይታከምም ማለት አይደለም። የደም ግፊትም ስኳርም በዘር ይመጣሉ፣ በመድኃኒትም ይያዛሉ። ጠበል መሄድም ዱአ ማስደረግም ኪኒኑ ሳይቋረጥ ከሆነ አይከለከልም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጸናው በእምነቱ ነው። አደጋው መድኃኒት ተቋርጦ፣ ታማሚው ታስሮ ወይም ተርቦ ሲቆይ ነው። ኪኒኑንና የክትትል ካርዱን ይዘው ይሂዱ።

የዘረ መል ጥናቱ እኛን ይመለከታል? ደም ስጡ ብንባልስ?

እስካሁን የተጠኑት በአብዛኛው የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ሰዎች ናቸው። የአፍሪካ ሕዝብ የዘረ መል ልዩነት ከሌላው ዓለም ሁሉ የሰፋ ስለሆነ በእነሱ ላይ የተሠራው ስሌት እኛ ላይ ሲመጣ ይዛነፋል። ይህን ለማስተካከል ከተጀመሩት ሥራዎች አንዱ ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ተሳትፈውበታል፤ ከእኛ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለበት።

በማንኛውም ጥናት እንዲሳተፉ ሲጠየቁ ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ አገር ጥሎ እንደሚሄድና እንደማይሄድ፣ ስም እንዴት እንደሚደበቅ፣ ሐሳብ ሲለወጥ ማቋረጥ እንደሚቻል በሚገባዎት ቋንቋ ማወቅ መብትዎ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ። እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ መጓደል የለበትም።

ሁለት መድኃኒት አልሠራለትም፤ ክሎዛፒን ልንጀምር ስንል ነጭ የደም ሴሉ አነስተኛ ነው ተባለ። ተስፋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ሳይዘለሉ ተወስደው ካልሠሩ ሕመሙ መድኃኒት የተቋቋመ ይባላል፤ ከታማሚዎች ሲሶው ገደማ ላይ ይደርሳል። ያኔ የተሻለው መድኃኒት ክሎዛፒን ነው። በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጋር ስለ አቅርቦቱ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ከመቶ ከአንድ ባነሰ ሰው ላይ ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሴል ስለሚያጠፋ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቆይቶ በየወሩ ደም ይመረመራል። ክሎዛፒን ለመጀመር የተለመደው ዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር በማይክሮሊትር ደም 1,500 ነው።

እዚህ ላይ ዘር እንደገና ይገባል። ብዙ አፍሪካውያን ዳፊ የተባለውን የቀይ ደም ሴል ምልክት የማይሠራ ዘረ መል አላቸው። በጅማ ዙሪያ ከሚታወቀው የቫይቫክስ ወባ በከፊል ይጠብቃቸዋል፤ በዚያው ልክ የኒውትሮፊል ቁጥራቸውን ዝቅ ያደርገዋል። ቁጥሩ ዝቅ ይበል እንጂ ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ኢንፌክሽን አይበዛባቸውም። ለእነሱ ክሎዛፒን ለመጀመር 1,000 በቂ ነው፤ የሚቋረጠውም ከ500 በታች ሲወርድ ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ከ1,000 በታች ሲሆን። ይህን ለማረጋገጥ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በተለያየ ቀን ደም ይቆጠራል፤ የድሮ የደም ምርመራ ወረቀት ካለዎትም ያምጡት። "ደሙ አይችልም" ተብለው ከተመለሱ ቁጥሩ ስንት እንደነበር ይጠይቁ።

ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን 12.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሁለት ቀን ከተዘለለ በነበረበት መጠን አይቀጠልም፤ እንደገና ከ12.5 ይጀመራል፤ አለበለዚያ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የሆድ ድርቀትን አይናቁ፤ ሦስት ቀን ሰገራ ካልወጣ ይታይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ልብ መታየት አለበት። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም በመጣ ቀን ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ደም ያስቆጥሩ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃልዎ "ክሎዛፒን ይወስዳል" ይሁን።